በረዶ ሲጥል ብቻ የሚያፈስ ቆርቆሮ ጣሪያ

በተራ ዝናብ ጠብታ የለም፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ግን ውሃ በግድግዳው ጥግ ወደ ኮርኒሱ ይገባል። የሚስማር ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን መድፈን አልረዳም። ቆርቆሮውን በሙሉ ለመቀየርም ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በጎማ ውሃ ሲለቀቅበት አንድም ቦታ አላፈሰሰም። በረዶው አጎድጉዶታል እንጂ አልበሳውም።

ጥፋቱ የአሸንዳው ነው። በረዶው መውረጃውን ይደፍናል፤ የቀለጠው ውሃ ሞልቶ በቤቱ በኩል ባለው ጠርዝ ይገባል። የውጭው ጠርዝ ከውስጠኛው 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አሸንዳው እንደገና ታሰረ፤ መውረጃውም ከ75 ወደ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ተቀየረ። አሁን ሲሞላ ትርፉ ወደ ውጭ ይፈሳል።

ደጋ ላይ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ቆርቆሮ ያዋጣል፤ ግን 35 ጌጅ (ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል) ስስ ነውና 28 ይግዙ።