ፈሳሾችን በሌዘር የሚመረምር ስፔክትሮሜትር አሠራርና አፈታተሽ

አረንጓዴ ሌዘር በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ የሚበተነው ብርሃን አብዛኛው በነበረበት ቀለም ይወጣል፤ እጅግ ጥቂቱ ግን ለሞለኪውሎቹ ንዝረት ኃይል ሰጥቶ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1928 ይፋ ያደረገው ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን ነው፤ የስፔክትሮሜትራችንም፣ ማለትም ብርሃንን በየቀለሙ ከፍሎ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ዓላማ ያንን ጥቂት ብርሃን ለይቶ ማየት ነው።

ሣጥኑን ከወፍራም ካርቶን ሠርተው ውስጡን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀቡት። ናሙናው አራት ማዕዘን ባለው የብርጭቆ ጠርሙስ ይቀመጣል፤ ፕላስቲክ ራሱ ስለሚያበራ አይሆንም። የ532 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ፣ የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) ሌዘሩ በአንድ ጎን ገብቶ ከጠርሙሱ ወዲያ ጥቁር ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ የተበተነው ብርሃን በ90 ዲግሪ አቅጣጫ በሌንስ ተሰብስቦ ከ550 ናኖሜትር በላይ ብቻ በሚያሳልፍ ብርቱካናማ የመስታወት ማጣሪያና በሁለት ምላጭ መካከል በተተወ ስንጥቅ አልፎ፣ መስተዋታማ ሽፋኑ በተላጠ የዲቪዲ ቁራጭ በየቀለሙ ተከፍሎ ካሜራ ላይ ይወድቃል። ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች የማይታይ ኢንፍራሬድም ስለሚለቁ ያለ መከላከያ መነጽር አይሥሩ።

በደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ ለዚህ ሥራ አይመችም። አረንጓዴው ብርሃን የሚገኘው 808 ናኖሜትር የሚያወጣ ዳዮድ (በሌዘሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የብርሃን ምንጭ) ክሪስታል ሲያነቃ ነው፤ ዳዮዱ ሲቀዘቅዝ የሞገድ ርዝመቱ ይለወጥና ሌዘሩ ይደክማል። እኔ ግማሽ ቀን ሌንስ ሳስተካክል ውዬ ጥፋቱ የብርዱ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ይጀምሩ፤ ሣጥኑንም በመንዝ ባና ቢሸፍኑት የውጭ ብርሃን አይገባም።

የሞገድ ርዝመት ሚዛኑ የሚወሰነው በኃይል ቆጣቢ የፍሎረሰንት አምፖል ነው፤ ማጣሪያውን አንስተው 546 እና 611 ናኖሜትር ላይ ያሉትን መስመሮቹን በካሜራ ያንሱና ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ማጣሪያውን መልሰው ባዶውን ጠርሙስ፣ ውሃና ንጹሕ አልኮል በየተራ፣ ለእያንዳንዱ እኩል 30 ሰከንድ ያንሱ። አልኮሉ 630 ናኖሜትር አጠገብ ጉልህ መስመር፣ ውሃው 650 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ማሳየት አለበት። 10,000,000ን ለ532 እና ለ630 አካፍለው ሲቀንሱ በአንድ ሴንቲሜትር 2,924 ገደማ ሞገድ ያገኛሉ፤ ይህም የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር ንዝረት ነው።

ጠጅ ለመጀመሪያ ሙከራ አይሁን፤ ቀለም ያላቸው ንጥረ ነገሮቹ ራሳቸው ስለሚያበሩ መስመሩን ይውጡታል። ተራ አረቄንና ዳግም አረቄን ማነጻጸር ግን ጥሩ ፈተና ነው፤ በዳግሙ የ630ው መስመር ከ650ው ጉብታ አንጻር ጎልቶ ካልታየ፣ አረቄውን ከመጠርጠርዎ በፊት ጠርሙሱ ከቦታው አለመንቀሳቀሱን ያረጋግጡ።