ጊታር ማታ አይገዛም

እኔ ያገለገለ ጊታር ማታ ገዝቻለሁ። ሻጩ ራሱ ተጫወተልኝ፣ ድምፁ አማለለኝ፣ ከፈልኩ። ጠዋት ሳየው አንገቱ ጫፍ፣ የክር መወጠሪያው ራስ የሚጀምርበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ለካ ተሰብሮ በሙጫ ተያይዞ ቀለም ተቀብቷል። ተሸወድኩ።

አሁን መጀመሪያ የማየው እዚያን ነው፤ በስልክ መብራት፣ ከጀርባ በኩል። እንደ ጊብሰን ሌስ ፖል ያሉ ጊታሮች የክር መወጠሪያ ራሳቸው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ሲወድቁ እዚያ ጋ መሰበር ይቀናቸዋል። በደንብ ከተጠገነ ለዓመታት ያገለግላል። በደህናው ዋጋ ግን አይገዛም።

ቀጥሎ አንገቱ። ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች የመጀመሪያው) ላይና አንገቱ ከሰውነቱ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑት። 7ኛው ፍሬት አካባቢ ክሩ ስር ወረቀት የምታሾልክ ክፍተት ብትኖር ደህና ነው። ከሰፋች አንገቱ ጎብጧል። ብዙውን ጊዜ አንገቱ ውስጥ ባለው ብረት ይቃናል። የብረቱ ብሎን ጠብቆ ጠብቆ ካለቀለት ግን ተዉት። ከዚያ የሚንዛዛ ወይም የሚታፈን ድምፅ እንዳለ ለመስማት ሁሉንም ክር በሁሉም ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ምቱ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች። የኤሌክትሪክ ከሆነ የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፎቹን ስታዞሩ መንኮሻኮሹ አያስደንግጣችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል።

ቫዮሊን ከሆነ ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት አትመኑ። የታዋቂው ቫዮሊን ሠሪ የስትራዲቫሪ ስም ያለበት ወረቀት ስንት የፋብሪካ ቫዮሊን ውስጥ ተለጥፏል መሰላችሁ። ሰውየው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1737 ነው። ከስሙ ስር «ሜድ ኢን ጀርመኒ» ካለ ደግሞ ስቃችሁ እለፉ፤ እሱ የሠራው ጣሊያን፣ ክሬሞና ውስጥ ነበር።

ዋጋ ስታጣሩ ሻጮች የጠሩትን ሳይሆን የተሸጠበትን ፈልጉ። የጥገናውን ወጪ አስቀድማችሁ ጠይቁና ከዚያ ላይ ቀንሱ።

በስልክ ብቻ ከተዋወቃችሁት ሻጭ የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከጊታሩ ጎን አድርጎ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁት፤ የመለያ ቁጥሩንም ጭምር። እጁ ላይ ካለ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብድ ቶሎ ላክ» ካለ ለዚያ ለሌላው ይሽጥለት።

የእኔ ጊታር እስካሁን ቤት አለ። ስብራቱን ደብቄ መሸጥ አልሆነልኝም፤ ስናገር ደግሞ ገዢ ጠፋ።