ከደሴ ሆነን የሀይለኛ ኮንቨርትብል መኪና ስፔክ እንዴት እናንብብ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ ዱባይና ሪያድ ያሉ ወንድሞቻችን ጣራው የሚከፈት ዘናጭ መኪና ፎቶ በላኩ ቁጥር ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን የምንከራከረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስንት ፈረስ ጉልበት አለው በሚለው። ግን መኪናውን ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለው ሐረጎ ዳገት ላይ አስባችሁት ከሆነ ፈረስ ጉልበቱ ከስፔኩ፣ ማለትም የመኪናው ቁጥሮች ከሚጻፉበት ወረቀት፣ ትንሹ ክፍል ነው። ስለዚህ እኔ ስፔክ ሳነብ ምን ምን እንደማይ ልጻፍላችሁ፣ ረዘም ይላል አብሽሩ።

መጀመሪያ ጉልበቱ በምን እንደተለካ እዩ። መርሴዲስ ኤኤምጂ ኤስኤል 63ን ውሰዱ፣ ባለ 4 ሊትር ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር)፣ ሁለት ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ያለው። አንዱ 585 ይላል፣ ሌላው 577 ይላል፣ ሶስተኛው 430 ይላል፣ ከዛ ጸብ ነው። ሞተሩ ግን አንድ ነው፣ 585 የአውሮፓ ፈረስ ጉልበት፣ 577 የአሜሪካ፣ 430 ደሞ ኪሎዋት። አንድ ኪሎዋት በአውሮፓው 1.36፣ በአሜሪካው 1.34 ነው፣ ሁለት መኪና ስታወዳድሩ ሁሉንም ወደ ኪሎዋት ቀይሩና ተገላገሉ። ፍጥነት ላይም እንደዛው ነው፣ የአሜሪካኖቹ ከ0 እስከ 60 ማይል ማለት እስከ 96.6 ኪሎሜትር ነው እንጂ 100 አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ደሞ መኪናው ከቆመበት የተንቀሳቀሰበትን የመጀመሪያዋን 30 ሳንቲሜትር ገደማ ሰዓት ውስጥ አያስገቡም፣ ስለዚህ ከአውሮፓው ቁጥር ጋር ቀጥታ አታፎካክሩት።

ቀጥሎ ክብደት። ኮንቨርትብል ሲባል ጣራው ስለተቆረጠ ቀላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጣራው የመኪናውን አካል አጥብቆ የሚይዝ ነገር ነው፣ እሱ ሲነሳ ከስር በብረት ማጠናከር ግድ ነው፣ የጣራው ሞተርና ማጠፊያም ይጨመራል፣ ስለዚህ ከወንድሙ ከዝጉ መኪና 100 ኪሎና ከዛ በላይ ቢከብድ አይግረማችሁ። ክብደቱን ለፈረስ ጉልበቱ አካፍሉት። ኤስኤል 63 ወደ 1,970 ኪሎ ነው፣ ለ585 ሲካፈል አንዱ ፈረስ 3.4 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፣ 100 ለመግባት 3.6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲሲ ስፒድ ባለ 6 ሊትር ደብልዩ12፣ 659 ፈረስ ጉልበት አለው ግን ወደ 2,400 ኪሎ ይመዝናል፣ 3.6 ኪሎ ይደርሰዋል፣ 3.7 ሰከንድ። ሮልስ ሮይስ ዶውን ደሞ 571 ፈረስና 2,560 ኪሎ፣ 4.5 ኪሎ ለአንድ ፈረስ፣ እሱ 5 ሰከንድ አካባቢ ነው። አያችሁ፣ በፈረስ ጉልበት ዶውንና ኤስኤል ጎን ለጎን ናቸው፣ መንገድ ላይ ግን ፍጹም የተለያዩ መኪኖች ናቸው።

ቶርክ (የሞተሩ የማዞር ጉልበት፣ በኒውተን ሜትር የሚለካው) ላይ ብዙ አልቆይም። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሞተሩ በደቂቃ ከስንት ዙር ጀምሮ እንደሚገኝ እዩ፣ ኤስኤል 63 800 ኒውተን ሜትሩን ከ2,500 እስከ 5,000 ዙር ድረስ ይሰጣል፣ ለዳገት የሚጠቅመን ይሄ ነው፣ ሞተሩን ሳታስጮሁት ይወጣል ማለት ነው።

አሁን ወደኛ ሀገር ጉዳይ። ስፔክ ወረቀት ላይ ያለው ጉልበት ባህር ጠለል አካባቢ ላለ አየር ተስተካክሎ የተጻፈ ነው። ደሴ ደሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ለምሳሌ አውዲ አር8 ስፓይደር ፐርፎርማንስ 5.2 ሊትር ቪ10 ያለ ቱርቦ 620 ፈረስ ነው፣ ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ግን 500 እንኳን የሚሞላ አይመስለኝም። ቱርቦ ያለው ይሻላል፣ ቱርቦው ፈጥኖ እየዞረ የጎደለውን አየር ይሞላል፣ ግን እሱም ገደብ አለው፣ ሙቀቱም ይጨምራል። እና የኤስኤል 63 ቱርቦዎች የተቀመጡት በሁለቱ የሲሊንደር ረድፍ መሀል ነው፣ ሙቀት የሚታመቅበት ቦታ ማለት ነው፣ ስለዚህ እንዲህ አይነት መኪና ከኮምቦልቻ ጨክናችሁ ነድታችሁ ደሴ ከገባችሁ ወዲያው አታጥፉት፣ የመጨረሻዋን ትንሽ መንገድ ቀስ ብላችሁ ግቡ ወይ አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩ እንደበራ ይቆይ። ቤንዚኑንም እዩ፣ ወረቀቱ 98 ኦክቴን የሚል ከሆነና ያላችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ላለመጉዳት ጉልበት ይቀንሳል፣ የጻፉት ቁጥር አይገኝም።

ሰው የሚዘነጋው ትልቁ ነገር ግን ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ በዛች መንገድ 600 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ሁለት ቶን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ተሰልቶ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ 35 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ማለት ነው፣ በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁ ይሄ ሁሉ የሚገባው ፍሬኑ ውስጥ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ደሞ ማቀዝቀዙም ይደክማል። የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሹፌሮች ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ወደ ሐረጎ ከመግባታቸው በፊት ማርሽ ይቀንሳሉ። ቅንጡ መኪናም ቢሆን ህጉ አንድ ነው፣ አውቶማቲኩን ወደ ማንዋል አርጉና ቁልቁለቱ ሳይጀምር 3ኛ ወይ 2ኛ ላይ አስገቡት፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ይዛችሁ አትውረዱ፣ ጠበቅ አርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁት። ያገለገለ መኪና ከሆነ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፣ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ቆይቶ በቀላሉ ይፈላል፣ ሲፈላ ደሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ በሁለት አመት አንዴ መቀየር አለበት።

ኤሌክትሪክ የሆኑትን ማንበብ መልመድ አለብን፣ በተለይ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ። ኤምጂ ሳይበርስተር ባለ ሁለት ሞተሩ 510 ፈረስ ጉልበት፣ 725 ኒውተን ሜትር፣ 3.2 ሰከንድ ነው። ማሰራቲ ግራንካብሪዮ ፎልጎሬ ደሞ 761 ፈረስ ጉልበት፣ 2.8 ሰከንድ። እነዚህን ከፍታ ጉልበት አይቀንሳቸውም፣ ሞተሩ አየር አይተነፍስማ! ቁልቁለት ላይም ፍሬኑ የሚያቃጥለውን ጉልበት በከፊል ወደ ባትሪ ይመልሱታል፣ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን ስለማይቀበል ከደሴ ስትነሱ 100 ፐርሰንት አርጋችሁ አትውጡ። የሚያስቸግረው ርቀቱ ነው። ሳይበርስተሩ በአንድ ቻርጅ 443 ኪሎሜትር ይላል፣ ደሴ አዲስ አበባ 400 ገደማ ስለሆነ ይደርሳል ብላችሁ እንዳትነሱ፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በር ለመውጣት 1,800 ሜትር ገደማ አለ፣ ለከፍታው ብቻ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፣ ባትሪው ደሞ በጠቅላላ 77 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መሀል ላይ የት ቻርጅ እንደምታደርጉ ሳታውቁ አትነሱ።

ጣራውስ? ሁለት ቁጥር ነው ያለው፣ በስንት ሰከንድ ይዘጋል እና እስከ ስንት ፍጥነት እየሄዳችሁ ይዘጋል። ኤስኤሉ 15 ሰከንድ እስከ 60 ኪሎሜትር በሰዓት፣ ቤንትሌይ 19 ሰከንድ እስከ 50፣ ዶውን 22 ሰከንድ እስከ 50። የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ሲወርድ በ60 እየሄዳችሁ 15 ሰከንድ ማለት 250 ሜትር ነው፣ መቆም አያስፈልጋችሁም።

ጎማ ላይ 305/30 አር21 የሚል ጽሁፍ ካያችሁ 305 ሚሊሜትር ስፋት፣ የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 30 ፐርሰንት፣ ቸርኬው 21 ኢንች ማለት ነው። አስሉት፣ ከቸርኬው እስከ አስፓልቱ ያለው ላስቲክ 9 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ቸርኬው ነው የሚመታው። ምርጫ ካለ አነስ ያለ ቸርኬ ምረጡ፣ ኤስኤሉ በ20ም ይመጣል፣ የቸርኬው ማነስ ከውበቱ ምንም አያጎድልበትም።

እና ባህር ማዶ ያለ ዘመድ ያገለገለ ሊገዛ ከሆነ እነዚህን ላኩለት፣ ጣራውን ሶስት አራቴ እያከታተለ ከፍቶ ይዝጋ፣ ድምጹን ይስማ፣ ተዘግቶ ውሃ አስረጭቶበት ከመስታወቱ ጠርዝና ከወንበሩ ስር ምንጣፉን በእጁ ይዳስስ፣ ጎማው ጎን ላይ ያለችውን ባለ አራት አሀዝ ይይ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ የበረሃ ሙቀት ላስቲክ ያደርቃል፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እድሜው የሄደ ጎማ ዋጋው ይቀነስልኝ ይበል።