ከዳቦው ሥር የተገኘው «ዝርዝር»፦ የቶማስ ሃርዲን የገጠር እንግሊዝኛ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶማስ ሃርዲ «ዘ ሜየር ኦቭ ካስተርብሪጅ» በ1886 የታተመ ልቦለድ ነው። የአንድ ከተማ ከንቲባ ታሪክ ነው። ምዕራፍ 4 ላይ አንዲት የከተማዋ ሴት ስለ ዳቦ ታማርራለች። ከንቲባው በሸጠው ስንዴ የተጋገረው ዳቦ አንጀቷን አሳርሯታል። ስንዴው «ግሮውድ» ነው ትላለች። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ አንድ የከተማው ሰው «ሞልት» ቢባልም ያስኬዳል ይላል። ከዳቦው ሥርም የጫማ ሶል የሚያክል «ሊስት» አለበት ይላል።

መዝገበ ቃላት ገለጣችሁ እንበል። «ግሮውድ» የለም። «ሊስት» ደግሞ ዝርዝር ይላል። ከዳቦ ሥር ምን ዓይነት ዝርዝር ነው የሚገኘው? ብዙ ሰው እዚህ ጋ «እንግሊዝኛዬ አይረባም» ብሎ መጽሐፉን ይከድናል። ችግሩ ግን የእንግሊዝኛ ችሎታ አይደለም። ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛና የዶርሴት (በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የሃርዲ አገር) ገበሬ የሚያወራው እንግሊዝኛ ስለማይገጥሙ ነው።

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነው። በአጨዳ ሰሞን ዝናብ ሲበዛ ስንዴው ገና ከዛላው ሳይወርድ ይበቅላል። «ግሮውድ» ማለት ይሄ ነው፣ የበቀለ። «ሞልት» ብቅል ነው። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ተናጋሪው ምን እንዳለ ወዲያው ይገባዋል፦ ይሄ ለጠመቃ እንጂ ለዳቦ አይሆንም ነው የሚለው። የበቀለ እህል ስታርቹ ወደ ስኳር መፍረስ ስለሚጀምር ዳቦው በደንብ አይነፋም፣ ውስጡም ይጨቀያል። «ሊስት» የተባለው ከሥሩ ሳይነፋ የቀረው ድፍን ንብርብር ነው። ስለዚህ በሦስት ቃል ብቻ ከንቲባው የተበላሸ እህል እንደሸጠ፣ ከተማው እንደተቆጣ፣ ሰውየው ነገ ችግር እንደሚጠብቀው አወቅን። ቃሉን የዘለለ አንባቢ ታሪኩንም ዘለለ ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚነበበው?

1. ትክክለኛውን ቅጂ ያዙ

ሁለት ቅጂ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። አንዱ ማስታወሻ ያለው የወረቀት እትም ይሁን። የፔንግዊን ክላሲክስ ወይም የኦክስፎርድ ወርልድስ ክላሲክስ እትሞች ከኋላቸው ማብራሪያ አላቸው። ሁለተኛው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ የሚወርደው ነው። የቅጂ መብቱ ስላለፈ ያለ ምንም ስጋት ታወርዱታላችሁ። ጥቅሙ ፍለጋው ላይ ነው። አንድ ቃል ሲያስቸግራችሁ መጽሐፉ ውስጥ ሌላ ቦታ የት እንዳለ በሰከንድ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ቦታ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይፈታዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሃርዲ መጽሐፎቹን ደጋግሞ ያርም ነበር። በ1912 የወጣው የዌሴክስ እትም ላይ ብዙ ነገር ነካክቷል። ሁለቱ ቅጂዎቻችሁ አንዳንድ ቃል ላይ ባይስማሙ አትደንግጡ።

2. መጀመሪያ ሳትቆሙ አንብቡ

አንድ ምዕራፍ እስኪያልቅ መዝገበ ቃላት አትንኩ። እርሳስ ብቻ ያዙ። ያልገባችሁን ቃል አስምሩና እለፉ። ምዕራፉ ሲያልቅ ተመለሱና ያሰመራችሁትን ለዩ። አንዳንዱ የምታውቁት ቃል ሆኖ አጻጻፉ ብቻ የተጣመመ ነው። አንዳንዱ የምታውቁት ቃል ሆኖ ትርጉሙ ሌላ ነው። የቀረው የዕቃ፣ የምግብ፣ የሥራና የልማድ ስም ነው። ሦስቱም የሚፈቱት በተለያየ መንገድ ነው። ሰው የሚደክመው ሁሉንም በአንድ መዝገበ ቃላት ለመፍታት ሲሞክር ነው።

3. የተጣመመውን በጆሮ ፍቱት

ይሄኛው ቀላሉ ነው። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ዶርሴቶች «ኤስ»ን ወደ «ዜድ»፣ «ኤፍ»ን ወደ «ቪ» ይወስዱታል። «ዚልቨር» ካያችሁ ሲልቨር ነው፣ ብር። ብቻውን የቆመ «ኤ» ፊደል ከፊቱ ከፍ ብላ የተቀመጠች ጭረት (’) ካለችበት ብዙ ጊዜ «እሱ» ማለት ነው። «አይ ቢ» ያለ ሰው «አይ አም» ማለቱ ነው።

«ዛው» እና «ዪ» ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። ድሮ «ዛው» ለአንድ ሰው፣ ለሚቀርቡት ወይም ለበታች የሚባል ነበር። «ዪ» እና «ዩ» ደግሞ ለብዙ ሰውና ለክብር። አንተና እርስዎን ለይቶ ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሃርዲ ዘመን መደበኛው እንግሊዝኛ «ዛው»ን ጥሎት ነበር፤ ገጠሩና ጸሎቱ ግን አልጣሉትም።

ጆሮ ካስፈለጋችሁ ሊብሪቮክስ ላይ በነፃ የሚደመጥ ንባብ አለ። አንባቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ሁሉም የዶርሴት ሰው እንዲሆን አትጠብቁ። ሃርዲ ራሱም ቢሆን የገበሬውን አነጋገር ድምፅ በድምፅ አልገለበጠም። በ1878 አቴኒየም መጽሔት ላይ እንደጻፈው፣ ዘዬውን ሙሉ በሙሉ ወረቀት ላይ ማስፈር አንባቢውን ከሰውየው ሐሳብ ወደ አጠራሩ ይስበዋል። ልክ ነው። አንዳንድ የዘመኑ ጸሐፊዎች ከመጠን በላይ አጣመውት ዛሬ ራሳቸው እንግሊዞቹ ማንበብ ያቅታቸዋል።

4. «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» የምትሉትን ቃል ተጠራጠሩ

ከማታውቁት ቃል ይልቅ የምታውቁት ይጎዳችኋል። የማታውቁት ቢያንስ ያስቆማችኋል።

ዋናው ምሳሌ «ኮርን» ነው። የአሜሪካ እንግሊዝኛ የለመደ ሰው በቆሎ ያስባል። በእንግሊዝ ግን «ኮርን» እህል ነው፣ በተለይ ስንዴ። ከንቲባው ሄንቻርድ የእህል ነጋዴ ነው። ይሄ ካልገባችሁ የመጽሐፉ ግማሽ ይጠፋባችኋል። ታሪኩ የተቀመጠው «ኮርን ሎውስ» የተባሉት ሕጎች በ1846 ከመሻራቸው በፊት ነው። ሕጎቹ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ ይጥሉ ነበር። ስለዚህ ዋጋው በአገሩ ምርት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ዋጋ ይንራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይወድቃል። ሄንቻርድ በአየር ጠባይ ቁማር ሲጫወት የምታዩት ለዚህ ነው።

ዘዴው ይሄ ነው፦ የምታውቁት ቃል ዐረፍተ ነገሩን አስቂኝ ካደረገው ትርጉሙን ቀይሩ። ከዳቦ ሥር ዝርዝር አይገኝም።

5. የዕቃ ስም ከሆነ ዕቃውን ፈልጉ

ልቦለዱ ሲከፈት አንድ ወጣት ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር በእግር ይጓዛል። ጀርባው ላይ የሰንበሌጥ ቅርጫት አለ። ከቅርጫቱ የድርቆሽ ቢላዋ እጀታና «ዊምብል» የሚባል ነገር ብቅ ብለዋል። ዊምብል ድርቆሽ የሚታሰርበትን ገመድ እያሽከረከሩ የሚገምዱበት መሣሪያ ነው። ሃርዲ «ይሄ ሰው ድርቆሽ እየቆረጠ የሚያስር የቀን ሠራተኛ ነው» ብሎ ከመንገሩ በፊት ቅርጫቱን አሳየን። እንዲህ ላለው ቃል ትርጉም ከምትፈልጉ ፎቶ ፈልጉ። የእንግሊዝ የገጠር ሙዚየሞች የዕቃ ፎቶ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። አንዴ ያያችሁት ዕቃ ከጭንቅላታችሁ አይወጣም።

ቀጥሎ «ፈርሚቲ» ይመጣል። ስንዴ፣ ዱቄት፣ ወተት፣ ዘቢብ ተቀላቅሎ የሚሠራ አጥሚት ነገር ነው። ድንኳኑ ውስጥ የምትሸጠው ሴትዮ ደግሞ በድብቅ ሮም ትጨምርበታለች። ሰውየው ሰከረ። ከሰከረ በኋላ ሚስቱን በጨረታ ሸጣት፣ ለአንድ መርከበኛ፣ በ5 ጊኒ። ጊኒ 21 ሽልንግ ነው፣ ማለትም 1 ፓውንድ ከ1 ሽልንግ። ቃሉን «ገንፎ» ብሎ ያለፈ ሰው ሰውየው በምን እንደሰከረ ግራ ይገባዋል።

6. መጽሐፉ ራሱ እስኪነግራችሁ ታገሡ

ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሃርዲ የለንደን አንባቢዎቹም እነዚህን ቃላት እንደማያውቁ ያውቃል። ልቦለዱ መጀመሪያ የወጣው ዘ ግራፊክ በተባለ የከተማ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ነው። ታሪኩ ደግሞ ከመጽሐፉ መውጣት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀድሞ ስለሚጀምር አንዳንዱ ቃል ያኔም አርጅቶ ነበር። ስለዚህ አስቸጋሪ ቃል ሲያመጣ ብዙ ጊዜ አጠገቡ የሚጠይቅ እንግዳ ሰው ያስቀምጣል።

«ስኪሚቲ-ራይድ»ን ውሰዱ። ሚክሰን ሌን በሚባለው የድሆች ሰፈር መጠጥ ቤት ውስጥ ሰዎች ስለዚሁ ነገር ይዶልታሉ። ሚክሰን የፍግ ክምር ነው፤ ሰፈሩን ከስሙ እወቁት። አንድ እንግዳ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጠጥ ቤቱ እመቤት ጉትቻዋን እያወዛወዘች፣ ሚስት የባሏ ብቻ ሳትሆን ስትቀር እዚህ አገር የሚደረግ የድሮ ቂል ጨዋታ ነው ትለዋለች። እኔስ አልደግፈውም ማለቷንም አትረሳም። በኋላ ሰልፉን ራሱን ታዩታላችሁ፦ በአህያ ላይ የታሰሩ አሻንጉሊቶች፣ የቆርቆሮና የቀንድ ጩኸት። መዝገበ ቃላት ቀድሞ የገለጠ ሰው የሴትየዋ ጉትቻ አምልጦታል።

7. ማን፣ ማን ፊት ነው የተናገረው?

የእኔ አስተያየት ከተጠየቀ ዋናው ይሄ ነው። ሃርዲ ዘንድ የገጠር ቃል ማጣፈጫ አይደለም። ቃሉ ተናጋሪውን ያስከፍለዋል።

ምዕራፍ 20ን በእርጋታ አንብቡ። ሄንቻርድ አሁን ከንቲባና ሀብታም ነው። ኤልዛቤት-ጄን ቤቱ የምትኖር ልጅ ናት። አንድ ቀን ስታነጋግረው «ባይድ» የሚል የገጠር ቃል ተጠቀመች። በግርድፉ «አባባ፣ አንዴ እዛው ይቆዩ» እንደማለት ነው። ሰውየው ገነፈለ። «ለዐሣማ ገንዳ አተላ ከመሸከም ሌላ የማትበጂ ነሽ እንዴ፣ እንዲህ ያለ ቃል የምታወጪው?» አላት። ልጅቷ አፈረች። መደበኛውን «ስቴይ» ማለቷ እንደነበር ተናግራ፣ መጠንቀቅ ነበረብኝ አለች።

ከዚያ ሃርዲ ልጅቷ የጣለቻቸውን ቃላት ይቆጥራል። «ደምብልዶር» ማለት ትታ «ሃምብል ቢ» አለች። ትልቋ ጠጉራም ንብ ናት። (አዎ፣ የሃሪ ፖተር ርዕሰ መምህር ስሙን ያገኘው ከዚችው ንብ ነው።) «ግሬግልስ» የሚባሉት አበቦች የዱር ሃያሲንት ሆኑ። ወንድና ሴት «አብረው ይሄዳሉ» መባሉ ቀርቶ «ተጫጭተዋል» ሆነ። ሌሊት እንቅልፍ ካጣች ደግሞ ድሮ «ሄግ-ሪድ» ሆንኩ ትል ነበር፤ ጠንቋይ ጋለበችኝ እንደማለት፣ እኛ ዱካክ ተጫነኝ የምንለው። አሁን ለሠራተኞቹ «ምግብ አልፈጭ ብሎኝ ነው» ትላቸዋለች።

እንዲህ ያለ ቃል ለእውነተኛ ጨዋ ሰው የአውሬው ምልክት ነው ይላል ሃርዲ። ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ አባባል ነው፤ እየቀለደ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ተቆጪው ራሱ ነው። ሄንቻርድ ያው ዊምብል ተሸክሞ የመጣው ሰውዬ ነው። ሲናደድ የገጠር አፉ ያመልጠዋል። ለምን በዚያው ሰሞን ልጅቷ ላይ እንደጨከነ ግን አልነግራችሁም። አንድ ምዕራፍ ቀደም ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ካሰመራችሁት ቃል ጎን ተናጋሪውንና ሰሚውን ጻፉ። ቃሉ ባይገባችሁ እንኳ የሰሚው ፊት ብዙ ይነግራችኋል።

8. አሁን መዝገበ ቃላት ክፈቱ

ለዘዬ ቃል የጆሴፍ ራይት «ኢንግሊሽ ዳያሌክት ዲክሽነሪ» ይሻላል። ከ1898 እስከ 1905 በ6 ቅጽ ወጣ። ራይት የዮርክሸር ድሃ ልጅ ነበር። በሕፃንነቱ ፋብሪካ ሠርቷል። ማንበብ የተማረው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። በኋላ ኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። ሥራው አሁን በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ በኩል ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ለዶርሴት ብቻ ከሆነ ገጣሚው ቄስ ዊሊያም ባርንስ ያዘጋጀው የቃላት መፍቻ አለ። ሃርዲ ባርንስን በአካል ያውቀው ነበር።

ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም ይረዳል። ግን ገጣሚው ሮበርት ግሬቭስ ያወራው ቀልድ አለ። ሃርዲ አንድ የዘዬ ቃል ትክክል መሆኑን ለማጣራት መዝገበ ቃላቱን ገለጠ። ቃሉ አለ። ማስረጃ ሆኖ የተጠቀሰው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ራሱ ሃርዲ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዶናልድ ፋርፍሬ የሚባለው ወጣት ሲያወራ የዶርሴቱን ዝርዝር አስቀምጡት። ሰውየው ስኮትላንዳዊ ነው፤ አነጋገሩ የሌላ አገር ነው። ለእሱ የስኮትስ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ አለ፣ ነፃ ነው።

ይሄን መጽሐፍ ከጨረሳችሁ በኋላ በ1891 ወደወጣው «ቴስ ኦቭ ዘ ደርበርቪልስ» እለፉ። እዚያ ሃርዲ ሥራችሁን ያቀልላችኋል። ቴስ ትምህርት ቤት ስለገባች ሁለት ቋንቋ ትናገራለች ይላል፦ ቤት ውስጥ ይብዛም ይነስ ዘዬውን፣ ውጭና በትልልቅ ሰዎች ፊት መደበኛውን እንግሊዝኛ። እናቷ ግን አንዱን ብቻ ነው የምትናገረው።