ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ ጠበበ የልብ ደም ቧንቧ የሰጠውን ቁጥር እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የልብ ደም ቧንቧዎ በሲቲ ስካን ከተነሣ በኋላ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ሶፍትዌር ያዘጋጀው ባለ ቀለም የቧንቧ ምስል ከቁጥሮች ጋር ሊሰጥዎ ይችላል። ሶፍትዌሩ የቧንቧውን የውስጥ ግድግዳ ከምስሉ ላይ ይለያል፤ ቀጥሎም ልብ በብርቱ በሚሠራበት ጊዜ የሚኖረውን የደም ፍሰት አስልቶ፣ ከጥበቱ ወዲያ የሚደርሰው ግፊት ከልብ ሲወጣ ከነበረው ምን ያህሉ እንደሆነ ይገምታል። 1.0 ግፊቱ አለመቀነሱን ያሳያል፤ 0.80 እና ከዚያ በታች ከሆነ ግን የልብ ጡንቻ በቂ ደም እያጣ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ የምስሉን ጥራት ይጠይቁ። ልብ በፍጥነት ሲመታ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ካልሲየምም በሲቲ ላይ ከመጠኑ በላይ ገዝፎ ስለሚታይ ጥበቱን ያጋንነዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቁጥሩ በሚነበብበት ቦታ ላይ ነው። ዓይን የሚያርፈው በቧንቧው ጫፍ ላይ ባለው ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ነው፤ ይሁንና ጎልቶ የሚታይ ጥበት ባይኖርም እንኳ ቁጥሩ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ሊወርድ ስለሚችል፣ መነበብ ያለበት ከጥበቱ በታች ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ለምሳሌ ከጥበቱ በላይ 0.93 የነበረው ከጥበቱ በታች 0.74 ከሆነ፣ ግፊቱ የወደቀው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ሊያስተካክለው ይችላል። 0.95፣ 0.90፣ 0.84፣ 0.78 እያለ በዝግታ ከወረደ ግን በሽታው በቧንቧው ርዝመት ሁሉ የተሠራጨ ነውና አንድ ስቴንት ብዙም አይፈይድለትም።

ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን ለስቴንት አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውና 5179 ሰዎች የተሳተፉበት ኢስኬሚያ የተባለው ጥናት፣ ሕመማቸው በተረጋጋ ታካሚዎች ላይ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና በመድኃኒት ላይ መጨመሩ ድንገተኛ የልብ ጥቃትንና ሞትን በአጠቃላይ እንዳልቀነሰ፣ የደረት ሕመም ለነበራቸው ግን እፎይታ እንደሰጠ አሳይቷል። ስለዚህ ደረትዎን መቼና ስንት ደረጃ ሲወጡ እንደሚያምዎት ለሐኪሙ በዝርዝር ይንገሩ። በድንገት የጀመረና በዕረፍት የማይለቅ የደረት ሕመም ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ከ0.76 እስከ 0.80 ባለው ድንበር ላይ ከሆነ፣ ስቴንት ከመግባቱ በፊት ግፊቱ በቀጭን ሽቦ ከቧንቧው ውስጥ በቀጥታ ይለካ እንደሆነ ይጠይቁ።