ጎልማሶችን የምታስተምሩ ከሆነ ኦንላይን ስልጠና ላይ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ማታ ማታ ጎልማሶችን የምታስተምሩም ሆነ በተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ሆናችሁ የምትሰሩ፣ ይሄን የምጽፈው ለናንተ ነው። ድሮ ስልጠና ማለት ወረዳ ተጠርቶ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ መመለስ ነበር፣ አሁን ስልካችን ላይ ብዙ ነገር አለ፣ በነፃም ይገኛል፣ ግን ብዙዎቻችን ዳታውንም ጊዜውንም ጨርሰን ክፍል ስንገባ የምናስተምረው ያው እንደ ድሮው ነው። ለምን?

ትልቁ ስህተት፣ እኔም የሰራሁት፣ ለሌላ ቋንቋ የተሰራ ዘዴን እንዳለ ወስዶ ክፍል ማስገባት ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ንባብ የማስተማር ኮርስ ወስጄ ነበር፣ ጥሩ ኮርስ ነው፣ ቃሉን ወደ ነጠላ ድምፆች ሰባብሩት ከዛ መልሳችሁ አገጣጥሙት ይላል። እኔም በማግስቱ ሰሌዳ ላይ «ላም» ጽፌ ላን ል እና አ ብዬ መለያየት ጀመርኩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ላ ናት ብለኸን አልነበር እንዴ፣ ዛሬ ለምን ለሁለት ሰበርካት?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ላም ማለት ላ እና ም ነው፣ አለቀ። ለኛ ተማሪ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው፣ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፣ ያንን ሁሉ አንድ በአንድ ሸምድዱ ከተባሉ በሁለተኛው ወር ይቀራሉ። የሚያድናቸው የቅርጹን ስርዓት ማየት ነው፦ ሉ፣ ቡ፣ ኩ ወገባቸው ላይ ጭረት አላቸው፣ ሊ፣ ቢ፣ ኪ እግራቸው ላይ፣ ሌ፣ ቤ፣ ኬ ደግሞ እግራቸው ስር ቀለበት አላቸው፣ ሩ እና ፉን የመሳሰሉት ግን ከስርዓቱ ስለሚወጡ ለብቻ ይያዛሉ። ይሄን የውጭ ኮርስ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ኮርሱን ስታዩ «ይሄ በአማርኛ ይሰራል ወይ?» እያላችሁ እዩት።

የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ሊንክስ የሚባል ለጎልማሶች መምህራን የተሰራ ድረገጽ ነበረው፣ ኮርሶቹ በነፃ ነበሩ፣ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ኦፕንለርን ላይ በነፃ ያስተምራል። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ላይ ስለ ሀገራቸው ህግና ፈተና የሚያወሩትን ዝለሉት፣ ጎልማሳ እንዴት እንደሚማር የሚለውን ግን ያዙት።

ሌላው ለህፃናት መምህራን የተሰራ ኮርስ መውሰድ ነው። ጉሊት ላይ ስትሸጥ የዋለች ሴት ሂሳቡን በጭንቅላቷ ከኛ ቀድማ ትጨርሳለች፣ የጎደላት መጻፍ ብቻ ነው፣ እሷን ከአንድ እስከ አስር ቁጠሪ ማለት ማሳፈር ነው። በዚህ ጉዳይ ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ምሁር ማልኮም ኖውልስ ዋና ሃሳቡ ጎልማሳ የሚማረው የህይወት ልምዱን ይዞ ነው፣ ዛሬ ለሚያስፈልገው ነገርም ነው የሚል ነው። ስለዚህ በስማቸው፣ በታክሲ ታፔላ፣ በቴሌብር መልእክት ጀምሩ። ብር ገባ ወይስ ወጣ የሚለውን ራሷ ያነበበች ቀን ክፍል መቅረቷን ታቆማለች፣ አይቼዋለሁ።

ሰርተፍኬት መሰብሰብም አለ። ሰርተፍኬት አትያዙ አልልም፣ ለደረጃ እድገት ሊጠቅም ይችላል፣ ግን አምስት ኮርስ በተርታ ከመጨረስ አንዱን ወስዶ በዛው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር መሞከር ይሻላል፣ ሳምንት ካለፈ ይረሳል።

ብቻችሁን አትማሩ። ቴሌግራም ግሩፕ አለን ትሉ ይሆናል፣ ግን አብዛኛው ግሩፕ ፋይል ይለቀቅበታል ከዛ «እናመሰግናለን» ይባልበታል በቃ። ሶስት አራት ሆናችሁ ዛሬ ምን ሞከርኩ፣ የቱ ጋ ተበላሸ የሚለውን በድምፅ ብትላላኩ ከዛ ሁሉ ፋይል ይበልጣል።

ዳታ ላይ ደግሞ ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት አትክፈቱ፣ የሚወርድ ከሆነ በሌሊት ጥቅል አውርዱት፣ ኮርሱ ኮምፒውተር የሚፈልግ መሆን አለመሆኑንም ሳትጀምሩ እዩ፣ ግማሽ ላይ መቅረት በጣም ነው የሚያናድደው።

የመጨረሻው ስህተት የአሰልጣኞች ነው። ብዙ የገጠር አመቻቾች አስረኛ ወይ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ናቸው፣ የሚያገኙት አበል ትንሽ ነው፣ ቀን እርሻ ላይ ናቸው፣ እና እነሱን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዙም ግቡ ማለት አትምጡ ማለት ነው። አጭር የድምፅ ፋይል ላኩላቸው፣ በአማርኛ ወይ በአካባቢው ቋንቋ፣ አስር ደቂቃ ካለፈ ይበዛል። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ስማርት ስልክ የሌለው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ለሱ ደውሉለት።