ቡቺም ፎቶው ውስጥ ይግባ

ለገጣፎ ግቢያችን ውስጥ በበዓል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ፎቶ መነሳት ግድ ነው። ችግሩ ውሻችን ቡቺ ነው። ሁላችንም ፈገግ ስንል እሱ ጀርባውን ይሰጠናል። አሁን ግን ዘዴውን አገኘሁት።

ቀድማችሁ አሯሩጡት፣ ትንሽ ይድከም። ከዚያ እማዬን ወንበር ላይ፣ ልጆቹን መሬት ላይ አስቀምጡ። ውሻው መጨረሻ ይግባ። ሰው መጠበቅ ይችላል፣ ውሻ አይችልም። ስልኩን የያዘው ሰው ይንበርከክ፤ ቆሞ ከላይ ካነሳው ጆሮና ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ሌላ ሰው ደግሞ ከስልኩ በላይ ቁራጭ ሥጋ ያሳየው። ስሙን አትጥሩ፣ ተነስቶ ይመጣል (እኛ ሦስቴ ደርሶብናል)።

ፍላሽ አጥፉ። የውሻና የድመት ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለችው ለስላሳ ፀሐይ ትበቃለች።

ውሻችሁ ጥቁር ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነካ አድርጉ፣ ስልኩ ብርሃኑን ለሱ ያስተካክላል። አለዚያ ዓይኑ እንኳን አይለይም። ደግሞ አንድ ፎቶ ብቻ አታንሱ። 20 ወይም 30 በላይ በላዩ አንሱና ያማረውን መርጣችሁ የቀረውን አጥፉ።